በስልክ አልነግርህም

ስልኩ ደጋግሞ ሲጠራ ኢብቲሳም የያዘችውን ማንጎ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቿን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። አባቷ ሞላ ከአይሱዙው ጎን ሆነው ጫኞቹን እየተቆጡ ነበር። የስልኩ ጩኸት እሳቸውንም አሰልችቷቸው ዞር አሉ።

“ወይ አንሺው፣ ወይ አጥፊው” አሏት።

የደወለችው እየሩሳሌም ናት። ኢብቲሳምና ባሏ ኢዘዲን ወልድያ ላይ በከፈቱት ቢሮ ውስጥ የደንበኞችን ስልክ የምትቀበለው፣ ደረሰኝ የምትቆርጠው፣ የተናደደ ሰው ሲመጣ የምታባብለው እሷ ነች። ቢሮው ለሆቴሎች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለክሊኒኮች ድረ ገጽ ይሠራል፤ የሠራውንም ከውጭ አገር በተከራየው ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ያስተዳድራል። ያን ሰርቨር በእጇ መዳፍ እንዳለ ነገር የምታውቀው ኢብቲሳም ነበረች። አሁን ግን መርሳ፣ አባቷ ቤት ገብታ ማንጎ ትለያለች።

“ኢብቲ፣ በማርያም አትዝጊብኝ” አለች እየሩሳሌም። “ኢሜይል የሚባል ነገር ቆሟል። ከትናንት ጀምሮ ከአንዱም ደንበኛ አይወጣም፣ ወደ አንዱም አይገባም። ክሊኒኩ የላብራቶሪ ውጤት መላክ አቃተን ብሎ እየጮኸ ነው። የኮሌጁ ምዝገባ ደግሞ ዛሬ ነው። ሰርቨሩን የምናዝበት ፓነልም አላስገባ ብሎናል።”

“ማን ነካው?”

እየሩሳሌም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ኢዘዲን ነው። ሪስታርት አደረገው። ከዚያ የሆነ ነገር አጠፋ መሰለኝ።”

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማት። ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ ከሰማች ወራት አልፈዋል።

“አሰላሙ ዐለይኩም፣ ኢብቲሳም።”

“ወዐለይኩም ሰላም።”

“አላስቸግርሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ምን ልጻፍ?”

ጫኞቹ፣ አይሱዙው፣ የማንጎው ሽታ፣ ሁሉም ለአፍታ ራቀባት።

“በስልክ አልነግርህም” አለች።

“ኢብቲሳም፣ ሰው እኮ ነው የሚጎዳው…”

“በስልክ አልነግርህም አልኩህ። ምንም እንዳትነካ። እመጣለሁ።”

ዘጋችው። እናቷ ሁሪያ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። ፊቷ ላይ ደስታ ቢጤ ብልጭ አለና ልጇ እንዳታየው ወደ መሬት አቀረቀረች። ለእናቲቱ ይህ ጥሪ ሌላ ትርጉም ነበረው። ኢብቲሳም “ፍታኝ” ብላ ኢዘዲን በሽማግሌ ፊት በአንድ ጠላቅ የፈታት ጊዜ፣ ሁሪያ አልቅሳ አልቅሳ ስትጨርስ የያዘችው ተስፋ ዒዳው፣ ከፍቺ በኋላ ሦስት የወር አበባ የሚቆጠርበት ጊዜ፣ ነበር። ዒዳዋ እስኪያልቅ ባልየው “መልሻታለሁ” የማለት መብት አለው። ቃሉን ካላለ ግን ጊዜው ሲያልቅ ትዳሩም ያልቃል። ቀኑ ደግሞ እየተሟጠጠ ነው።

“ሂጂ ልጄ” አለች ሁሪያ። “ምናልባት አላህ…”

“ለሥራ ነው የምሄደው፣ እማ።”

አባቷ ቀረብ አሉ። “ቸግሮት ነው የጠራሽ ወይስ ፈልጎሽ?”

“ቸግሮት ነው፣ አባባ። ይፍቀዱልኝ።”

“ለቸገረው ሰው ይኬዳል” አሉ ሞላ፣ ወደ ጫኞቹ እየተመለሱ። “ሳይመሽ ግን ተመለሺ።”

ወደ ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ሰዉ ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራል። ሲሪንቃ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ገባችና አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሕፃኑ የኢብቲሳምን ሻርፕ ጨብጦ አልለቅም አለ። እናትየው ይቅርታ ስትጠይቅ ኢብቲሳም “ተይው፣ ይያዘው” አለቻት። እስከ ወልድያ መናኸሪያ ድረስ እንደያዘው ነበር።

አማንም እንዲሁ የጨበጠውን አይለቅም ነበር።

አማን ልጃቸው ነው። ጥርስ ማውጣት ጀምሮ፣ አባቱ ሲመጣ በሩ ገና ሳይከፈት ማወቅ ጀምሮ ነበር፤ ኢዘዲን ከደጅ ሲያወራ ድምፁን ሰምቶ እጁን ያወናጭፋል። በዚያን ሰሞን ጉንፋን የመሰለው ነገር ደረቱ ላይ ወረደ። ያየው ሐኪም “አሁኑኑ ደሴ ውሰዱት” ያለ ቀን፣ ቢሮው ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ እየተዛወረ ነበር። ሥራው የኢብቲሳም ነው፤ ጀምራው ነው ልጇን ይዛ የሮጠችው። የኮሌጁ ገጽ በመሃል ወድቆ ስለነበር ኢዘዲን “አንቺ ሂጂ፣ ይህን ይዤ ልቆይና በሚቀጥለው መኪና እደርስብሻለሁ” አላት። ትክክል ነው አለች። ያኔ ሁለቱም ትክክል መስሏቸው ነበር።

ኮንትራት መኪናው መርሳን ሳይቆም አለፈ። ትንሽ እንደሄዱ ኢዘዲን ደወለ። “ሰርቨሩ አልነሳም አለኝ። ምን ልጻፍ?” አላት። ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በፎጣ ሸፍናው፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ትነግረው ጀመር። ይህን ጻፍ። ምን አለህ? አንብብልኝ። አይ፣ ከፊቱ ቦታ ተው። የልጁ ትንፋሽ ከደረቱ ሲያፏጭ በፎጣው ውስጥ ይሰማት ነበር። ከዚያ ፉጨቱ ቆመ። አልሐምዱሊላህ፣ እንቅልፍ ወሰደው አለች በልቧ፤ ድምፅዋንም እንዳትቀሰቅሰው ዝቅ አደረገች። “አሁን ኢንተር በለው” አለችው ኢዘዲንን። “ተነሳ!” ብሎ ጮኸ። “ኢብቲሳም፣ ተነሳ እኮ! ሠራ!” እየሩሳሌም ከኋላው ስታጨበጭብ ይሰማል። ኢብቲሳም ፈገግ ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ፎጣውንም ገለጠችው።

ውርጌሳ የምትባለው ከተማ ገና አልደረሱም ነበር።

ለሹፌሩ አልነገረችውም። ውርጌሳን ሲያልፉ መልሳ ሸፍናው ወደ ፊት እያየች ነበር። መንገዱ ዳገት ሲጀምር ነው “መልሰኝ፣ መርሳ አባቴ ቤት” ያለችው። ለእናቷም፣ ለአባቷም፣ ለኢዘዲንም የነገረቻቸው አንድ ነገር ነው፤ “ውርጌሳን ካለፍን በኋላ ነው” ብላቸዋለች። ኢዘዲን ሲደውል ልጁ በሕይወት እንደነበር፣ ስልኩ ከተዘጋ ከብዙ ቆይታ በኋላ እንዳረፈ ሁሉም ያምናል። እንዲያምኑ የፈለገችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ አብሮ መኖር ከባድ ሆነ። ኢዘዲን መልካም ሰው ነው። በለቅሶውም አልራቃትም፤ ሌሊት ስትነሳ ይነሳል፣ ሳትበላ አይበላም። ችግሩ የእሱ ጥፋት አልነበረም። ችግሩ፣ ስልኩ በጠራ ቁጥር፣ “ሠራ!” ባለ ቁጥር፣ የደበቀችው እውነት አፏ ድረስ መምጣቱ ነበር። አንድ ጊዜ በትንሽ ነገር ተጣልተው “አንተ እኮ በዚያን ቀን…” ብላ ጀምራ ምላሷን ነከሰች። ያን ዕለት ገባት። አብራው ከኖረች አንድ ቀን በንዴት ታወጣዋለች። ከወጣ ደግሞ ይህ ሰው አይተርፍም። ሽማግሌዎቹ “ምን አጠፋ?” ሲሏት “ምንም” ብላ ዝም አለች። ሰዉ ጨካኝ አላት።

ቢሮው ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም፤ ከአንድ የሞባይል መጠገኛ በላይ ፎቅ ላይ ነው። እየሩሳሌም ደረጃው ላይ አግኝታ አቀፈቻት። ኢዘዲን ከወንበሩ ተነሳ። ከስቷል፣ ጺሙም አድጓል። ወንበሩን ለቀቀላት።

“አንተ ተቀመጥ” አለችው። ሌላ ወንበር ስባ ከጎኑ፣ ክርናቸው እንዳይነካካ አድርጋ ተቀመጠች። “ምን ምን አደረግህ? በቅደም ተከተል ንገረኝ።”

“ፓነሉ አላስገባ ሲለኝ ሪስታርት አደረግሁት። እንቢ ሲል ደገምኩት።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ዲስኩን ሳየው ሞልቷል። አንድ ትልቅ ፋይል አገኘሁ፤ ሎግ፣ የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ ነው ብዬ አጠፋሁት። ግን ቦታው አልተመለሰም። ይኸው፣ አሁንም ሙሉ ነው የሚለው።”

ኢብቲሳም ስክሪኑን አየች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ጥቁር መስኮት አይታው አታውቅም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ያዘች።

“ስማኝ። ሰርቨር ሲታመም መጀመሪያ ሪስታርት አይደረግም። መጀመሪያ ይታያል። ዲስኩ ስንት ቀረው? ማን ነው የሚያጨናንቀው? ሪስታርት ስታደርገው የሕመሙን ምልክት አብረህ ነው የምታጠፋው።”

“እሺ።”

“ፓነሉ ያላስገባህ ፓስወርድህ ተበላሽቶ አይደለም። ሰው ሲገባ ሰርቨሩ የሆነች ትንሽ ነገር ይጽፋል። የሚጽፍበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ ይመልስሃል። ያጠፋኸው ፋይል ደግሞ ተከፍቶ የነበረ ነው። ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ እንጂ ይጽፍበት የነበረው ፕሮግራም አልለቀቀውም። ቦታውን እንደያዘ ነው።”

“ጠፍቶም ቦታ ይይዛል?”

“ይይዛል” አለች ኢብቲሳም። “የያዘው እስኪለቀው።”

ኢዘዲን ዞር ብሎ አያት። እሷ ስክሪኑን ነው የምታየው።

“ለሌላ ጊዜ ሎግ አይጠፋም፤ ውስጡን ነው ባዶ የምታደርገው። አሁን የኢሜይሉን ፕሮግራም ብቻ አቁመህ አስነሳው። ሰርቨሩን በሙሉ አይደለም።”

ጻፈ። ተሳሳተ። እንደገና ጻፈ። እየሩሳሌም ከኋላቸው ቆማ “ዛሬም ‘ስፔስ’ የሚባለውን ቁልፍ አላገኘውም” ስትል ኢብቲሳም ሳታስበው ሳቀች። ኢዘዲንም ሳቀ። ቦታው ተመለሰ፤ ፓነሉም ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። የመልእክቱን ወረፋ ሲከፍቱት የተከማቸው ደብዳቤ ማለቂያ የለውም። አብዛኛው ከአንድ ቦታ የመጣ ነው፤ ከአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ አድራሻ። ሆቴሉ የይለፍ ቃሉን የራሱን ስም አድርጎት ኖሮ አንድ ሌባ ገምቶ ገብቷል፤ በሆቴሉ ስም ለዓለም ሁሉ የሎተሪ ደብዳቤ ሲልክ ከርሟል። ዲስኩን የሞላውም ይኸው ነው።

“ይህን አካውንት ዲሊት ላድርገው?” አለ ኢዘዲን።

“አይ! እጅህን አንሳ!” ድምፅዋ ከፍ ሲል እየሩሳሌም ደነገጠች። “ዲሊት አይባልም። አግደው። የታገደ ይመለሳል። የጠፋ አይመለስም።” ትንፋሿን ሰበሰበች። “ከዚያ የይለፍ ቃሉን ቀይረህ ለሆቴሉ ሰዎች ደውልላቸው። አትቆጣቸው። እነሱም አላወቁም።”

“ወረፋውንስ? በሙሉ ላጽዳው?”

“በመሃሉ የክሊኒኩ ደብዳቤ አለ። የታመመ ሰው ውጤት ነው። የሆቴሉን ብቻ ለይተህ አውጣ፣ ሌላው ይሂድ።”

ለየ። ዘገየ እንጂ ለየ። ወረፋው እየቀለለ ሲሄድ እየሩሳሌም ክሊኒኩ ጋ ደወለች። “ደረሳችሁ? … እንደገና እዩት እስቲ። … ደረሰ? ተመስገን!” ወዲያው ኮሌጁ ደወለ፤ የእነሱም መግባት ጀምሯል። እየሩሳሌም ምሳ ላምጣ ብላ ወጣች። በመስኮቱ የባጃጆች ጩኸት ይገባል፤ ከታች ጠጋኙ ሬዲዮ ከፍቷል። ለተወሰነ ጊዜ ክፍሉ ድሮ የነበረውን ክፍል መሰለ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው ሲጨርስ።

ኢብቲሳም አላቆመችም። እያንዳንዱ አድራሻ በሰዓት ሊልክ የሚችለውን መጠን ኢዘዲን ራሱ እንዲወስን አደረገችው፤ አንዱ ቢሰረቅ ሌላው እንዳይታመም። ወደ ፓነሉ ለሚገባ ሁሉ በስልክ የሚመጣ ኮድ እንዲጠየቅ አስደረገችው። ከዚያ ስለ ባክአፑ፣ ስለ መጠባበቂያው ቅጂ፣ ጠየቀችው።

“አለ” አለ ኢዘዲን ደስ ብሎት። “በየቀኑ ይወስዳል። ይኸው።”

“የት ነው የተቀመጠው?”

“እዚሁ ሰርቨሩ ላይ።”

“ሰርቨሩ ቢሞትስ?”

ኢዘዲን ጺሙን አሻሸ።

“ባክአፕ ከራሱ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ቤት አያድርም። ሌላ ቦታ ላከው። ደግሞ መላኩ ብቻ አይበቃም፤ አልፎ አልፎ አንዷን አውጥተህ ሞክራት። ትነሳለች ወይ? ሳትሞክራት አለኝ አትበል።”

ኢዘዲን ሌላኛውን ማከማቻ አገናኘ፣ አንድ ትንሽ ድረ ገጽም አውጥቶ መልሶ አስነሳ። ገጹ ተከፈተ። ዘወትር እንደሚያደርገው “ሠራ!” አላለም። እጁን ከኪቦርዱ አነሳ።

“ኢብቲሳም።”

“እ።”

“አንቺ ብትጽፊው ገና ድሮ ያልቅ ነበር። ለምንድን ነው እኔን የምታስጽፊኝ?”

“እንድትችለው።”

“ከቻልኩ አትመጪማ።”

ኢብቲሳም ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

“እኔ ደግሞ ምስኪን፣ ሰርቨሩ ሲወድቅ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ዛሬስ ትመጣለች አልኩ።” ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። “ሁሉንም አሳየሽኝ። ከዚህ በኋላ በምን ሰበብ እጠራሻለሁ?”

ኢብቲሳም ሻርፗን አስተካከለች። ስትመጣ ይህን ለመጠየቅ አስባ አልነበረም፤ ቃሉ ራሱ ወጣ።

“መቃብሩን አሳየኝ።”

ኢዘዲን ቀና አለ።

“የአማንን። በቀበራችሁት ቀን ከሴቶቹ ጋር ቤት ነበርኩ። ከዚያ በኋላም ሄጄ አላውቅም። በአጠገቡ በየቀኑ አልፋለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አባባን ልጠይቃቸው እችል ነበር። ግን አንተ እንድታሳየኝ ነው የፈለግሁት።”

ኮምፒዩተሩን ሳያጠፋ ጃኬቱን አነሳ። እየሩሳሌም ምሳውን ይዛ ስትገባ ሁለቱ እየወጡ ነበር። ምንም አልጠየቀችም። መንገድ ለቀቀችላቸው።

በሚኒባሱ ውስጥ ኢዘዲን የሁለቱንም ከፈለ፤ ረዳቱ “ከባለቤትህ ጋር ወደ ኋላ ጠጋ በሉልኝ” ሲለው አንዳቸውም አላረሙትም። መርሳ ሲደርሱ ፀሐዩ በርዷል። ከዋናው አስፋልት ወርደው በመስኖ ቦዩ ዳር፣ በብርቱካን ማሳዎቹ መሃል ሄዱ። አንድ ሽማግሌ ከበሬዎቻቸው ጋር ሲመለሱ አገኟቸው።

“እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎስ እንዴት ዋሉ?” አለ ኢዘዲን።

ሽማግሌው ወዴት እንደሚሄዱ ሲገባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጣችሁ” ብለው አለፉ።

መቃብሩ በቅንጭብ የታጠረ ነው። በሩ ጋ ሲደርሱ ኢብቲሳም ቆመች። የአካባቢዋ ሴቶች አይገቡም፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ አጥር ዳር አልፋ እንጂ ገብታ አታውቅም። ኢዘዲን ከጎኗ ቆሞ በእጁ አመለከተ።

“ያች ግራር ትታይሻለች? ከሥሯ ትልቅ ድንጋይ አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለችው ትንሿ።”

አየቻት። ሣር በቅሎባታል። ከሌሎቹ ጋር ሲያዩአት መቃብር አትመስልም፤ ውሃ ያመጣው የአፈር ክምር ትመስላለች።

“እኔ ነኝ ያወረድኩት” አለ ኢዘዲን። “አባትሽ ከላይ አቀበሉኝ። ቀሎ ነበር። የያዝኩት አልመሰለኝም።”

ኢብቲሳም ሻርፗን አፏ ላይ ጫነች። እጁን ዘረጋ፤ መልሶ አጠፈው። አልቅሳ እስኪወጣላት አጠገቧ ቆመ። ሲበርድላት ነው የተናገረው።

“ልጠይቅሽ? ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁሽ ዝም አልሽ። እናትሽን ብጠይቃት አላውቅም አለችኝ። ምን በደልኩሽ? ያን ቀን ባለመድረሴ ነው? እሱ ከሆነ ንገሪኝ፣ እውነትሽን ነው።”

ያ የደበቀችው እውነት አፏ ድረስ መጣ፤ ጥርሷ ሥር ደረሰ። ኢዘዲን ግን መልሷን አልጠበቀም፤ ዓይኑን ከትንሿ ክምር ላይ ሳያነሳ ቀጠለ።

“እኔን ያቆየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያን ቀን መኪና ላይ ሆነሽ ስደውልልሽ፣ ከንግግርሽ ጀርባ ትንፋሹ የተሰማኝ ይመስለኛል። ስልኩ አጠገቡ ነበር አይደል? ድምፄን ሲሰማ እጁን እንዴት እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። ያኔም ሰምቶኝ ይሆናል እላለሁ። ስጮህ ሳይቀር፣ ‘ተነሳ!’ ስል። ሳላየው ሄደ፣ ግን ሰምቶኝ ነው የሄደው እላለሁ።” ወደ እሷ ዞረ። “ሰምቶኛል ወይ፣ ኢብቲሳም?”

ከቦዩ ማዶ የሆነ ሰው ውሃ ሲያዞር አካፋው ድንጋይ ሲነካ ይሰማል። ኢብቲሳም የባሏን ፊት አየችው። የከሳውን ጉንጩን፣ ያደገውን ጺሙን፣ የሚጠብቀውን ዓይኑን። ጥርሷ ሥር የደረሰውን ዋጠችው።

“ሰምቶሃል” አለች። “ተኝቶ ነበር። ድምፅህን ሲሰማ ዓይኑን ገለጠ። እጁንም እንዲያ አደረገ።”

ኢዘዲን መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ፤ ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም። ኢብቲሳም ከላዩ ቆማ ጠበቀችው። ሲነሳ ሸክም የወረደለት ሰው ይመስል ነበር፤ ገጽታውም ጥንት ወደምታውቀው ተጠግቷል። ያ ፊቱ ነው ከምንም በላይ ያሳመማት።

“ዒዳሽ አላለቀም አይደል?” አላት በዝግታ።

አልቋል ብትለው ያምናታል፤ የዚህ ነገር ምስክሯ ራሷ ብቻ ናት። ዛሬ ግን አንድ ውሸት ይበቃት ነበር።

“አላለቀም።”

“እንግዲያ…”

“ቃሉን እንዳትለው።” ቅንጭቡን እያየች ነው የተናገረችው። “መብትህ ነው፣ አውቃለሁ። ብትለው እመጣለሁ፣ እንቢ አልልህም። ለእኔ ብለህ ግን ተወው።”

“አትወጂኝም?”

“አላልኩም።”

“እና ለምን?”

“ምንም አላጠፋህም። ይህን ብቻ ያዝ፣ ምንም አላጠፋህም።”

ኢዘዲን አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ላይ ያለው ቃል ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ከአስፋልቱ በኩል የወልድያ ሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ድምፁ እስከ ማሳዎቹ ይደርሳል። ከዚያ አፉን ገጠመው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ግራሯ አየና “አላህ ይጠብቅሽ” አላት።

“አሚን። አንተንም።”

በቦዩ ዳር ሲሄድ አየችው። አንድም ጊዜ አልዞረም። ብርቱካኖቹ ሲከልሉት እናቷ በር ላይ ሆና እንደምትጠብቃት፣ አባቷም ሳይመሽ ተመለሺ እንዳሏት አሰበች። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በቀኝ በኩል ነው። ኢብቲሳም ጫማዋን አውልቃ አጥሩ ሥር አስቀመጠች፤ ጎንበስ ብላም ገባች።